በአባት ስም የተሠራ

አንድ ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ «ይህስ የአያቴ ሥራ ነው» ቢለን ምን እንለዋለን? አዲሱን ዕቃ ያረጀ አስመስሎ ሊሸጥልን ከሆነ አታላይ ነው። የአያቱን ሙያ ወርሶ፣ ከራሱ የጨመረውን ሳይቆጥር ምስጋናውን ለአያቱ የሰጠ ከሆነ ግን ትሑት ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ሁለት ነው። ከአንድ ሰው አልፈን ወደ መንግሥታትና ወደ ሕዝቦች ስንሄድ ደግሞ ሁለቱን መለየት እጅግ ያስቸግራል። ሥልጣን ምንጊዜም የጥንት ልብስ ይወዳልና! ትናንት የተነሣው ገዥ ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ የነበረ መምሰል ያምረዋል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ በአባት ስም የሚሠራ አዲስ ሥራ እውነት ነው ወይስ ውሸት? ጥያቄውን ያለ ምስክር አላነሣውም። አንድ አገር አለኝ፤ ከደሴ በስተምዕራብ፣ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች መካከል የተዘረጋው የቦረናና የሳይንት ደጋ፣ የመካነ ሰላም አገር። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የዚህ ዓይነቱ ሥራ በዓለም ሁሉ ከታወቀበት ቦታ ልጀምር። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

በምዕራብ በኩል የነበረው የሮማ መንግሥት ከወደቀ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ ሻርለማኝ የሚባለው የፍራንኮች ንጉሥ በ800 በልደት ዕለት ሮም ውስጥ በሊቀ ጳጳሳቱ በሣልሳዊ ሊዮ እጅ የቄሣርነት ዘውድ ደፋ። የእሱ አያቶች ሮማውያን «አረመኔ» እያሉ ይጠሯቸው ከነበሩት ነገዶች ወገን ነበሩ። እሱ ግን በማኅተሙ ላይ የሮማ መንግሥት መታደሱን የሚያውጅ ቃል አስቀረጸ። በመናገሻው በአኽን ያሠራው የጸሎት ቤት ባለ ስምንት ማዕዘን ሲሆን፣ አርአያው ራቬና በተባለችው የጣልያን ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ቪታሌ ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል። ዓምዶቹን እንኳ ከሮምና ከራቬና አስጭኖ አስመጣ። በአገሩ ድንጋይ ጠፍቶ አይደለም። የፈለገው ድንጋዩን ሳይሆን ድንጋዩ የመጣበትን ቦታ ስም ነው።

መንግሥቱስ? ሻርለማኝ በ814 ሞተ፤ የልጅ ልጆቹ በ843 ግዛቱን ለሦስት ተካፈሉት። ታደሰች የተባለችው ሮም ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ ሳይሞላት ተቆረሰች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «የተውሶ ልብስ ነበር፤ ተቀደደ» ብለን ባለፍነው ነበር።

ነገር ግን በዚያው ዘመንና በዚያው ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ሁለት ድምፅ የሌላቸው ሥራዎች ተሠርተዋል። አንደኛው ጽሕፈት ነው። መነኮሳት የጥንት ሮማውያንን መጻሕፍት አንድ በአንድ ሲገለብጡ፣ ግልጽና ለዓይን የማያስቸግር የፊደል አጣጣል ተስፋፋ። ከጥንቱ የላቲን መጻሕፍት እጅግ ብዙዎቹ ለዛሬው ሰው የደረሱት በእነዚያ ግልባጮች አማካይነት ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የጣልያን ሊቃውንት ያንን አጣጣል ባዩ ጊዜ የጥንት ሰዎች የገዛ እጅ መሰላቸው፤ ለማተሚያ ፊደል ሲቀረጽም አርአያ አደረጉት። ስለዚህ ዛሬ ፈረንጆች «ሮማን» እያሉ የሚጠሩትን ትንሹን የመጽሐፍ ፊደል፣ የቄሣሮቹ ዘመን ሮማዊ ቢያየው አያውቀውም።

ሁለተኛው ዜማ ነው። ሻርለማኝና ከእሱ በፊት አባቱ ፔፒን በግዛታቸው የሚዜመው ሁሉ እንደ ሮም ሥርዓት እንዲሆን አዘዙ። ዜማ ግን እንደ ዓምድ በጋሪ አይጫንም። ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ነገር በመንገድ ላይ ይለወጣል፤ ይጠፋል። በ9ኛው መቶ ዘመን ከቃሉ በላይ የሚጻፉ፣ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ የሚያመለክቱ ጥቃቅን ምልክቶች ብቅ አሉ። የዛሬው የአውሮፓ ኖታ የእነዚያ ምልክቶች ልጅ ነው። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ግን ዜማውን በራሱ ስም አልጠራውም። በ604 ላረፈው ለሊቀ ጳጳሳቱ ለታላቁ ጎርጎርዮስ ሰጠው። ሠዓሊዎችም ጎርጎርዮስን፣ ርግብ በትከሻው ላይ ቆማ በጆሮው ስትነግረው አድርገው ሣሉት።

አንባቢ ይህችን ርግብ ይያዝልኝ።

* * *

የእኛ ሮም አክሱም ናት። በ3ኛው መቶ ዘመን ከሮምና ከፋርስ ጋር ከዓለም ታላላቅ መንግሥታት ተቆጥራለች፤ የገዛ ራሷን የወርቅ ገንዘብ ታትም ነበር። ከ7ኛው መቶ ዘመን በኋላ ኃይሏ ደከመ። ዛፉ ሲወድቅ ግን ጥላው አልወደቀም። ከእሷ በኋላ የተነሣ ሁሉ በአክሱም ጥላ ሥር መታየት ፈለገ።

ይህን በሥነ ሕንፃ አብልጠው ያሳዩን የላስታዎቹ ዛግዌዎች ናቸው። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀበት እንደ አክሱም ሥርዓት ታነጸ። ላሊበላ ስንደርስ ነገሩ ይብስ ይገርማል። በእውነተኛ ግንብ ውስጥ እንጨቱ ሥራ አለው፤ ግድግዳውን ያስራል። ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ነው፤ የሚታሰር ነገር የለውም። ጠራቢዎቹ እንጨት በሌለበት የእንጨቱን መስመር በአለቱ ላይ አወጡት። ድንጋይ እንጨትን ሲመስል፣ ያውም ለጥቅም ሳይሆን ለዝምድና! «እኛም የእነዚያ ነን» ማለት ነው። በ1270 ሥልጣን የያዙት ግን እነዚህኑ ዛግዌዎች የሌላውን ዙፋን የቀሙ አሏቸው። የአክሱምን እጅ በእጃቸው ያሳዩት ባዕድ ተባሉ፤ በቃል ወራሽ ነን ያሉት ወራሽ ሆኑ።

እነዚያ አዲስ ወራሾች የአክሱም ሰዎች አልነበሩም። የአፄ ይኩኖ አምላክና የተከታዮቻቸው መሠረት ቤተ አምሐራ ነው፤ ማለትም ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር ላይ። የአክሱም መመለስ የታወጀው ከአክሱም እጅግ ርቆ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የአክሱሙ ይስሐቅ ወደ ግእዝ የመለሰው ክብረ ነገሥት ለዚህ አዋጅ መሠረት ሆነ። በዚያ መጽሐፍ ዓለም ለሁለት ትከፈላለች፤ እኩሌታው ለሮም ንጉሥ፣ እኩሌታው ለኢትዮጵያ ንጉሥ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1436 አክሱም ድረስ ሄደው ሥርዓተ ንግሥ ሲፈጽሙ፣ የመንግሥት ስማቸው ቆስጠንጢኖስ ነበር። በአንድ ራስ ላይ የአክሱምም የሮምም ዘውድ ተደረበ ማለት ነው።

* * *

የዚያ ዘመን ነገሥታት ልብሳቸውን የሰፉት በድንጋይና በወርቅ ነው። ቤተ አምሐራ በአብያተ ክርስቲያናት ተሞላች። አፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ በነገሥታቱ ቤት ሲኖር፣ ወላዲተ አምላክ ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። ግራ የክብር ጎን አይደለምና ሕዝቡ ተቆጣ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው ሥዕሉ የነበረው በአትሮንሰ ማርያም ነው። የጥንቱን መልሰናል የሚሉ ነገሥታት ሥራውን በእንግዳ እጅ ማሠራታቸው የሚያስነውር አይደለም። ሻርለማኝም ሊቃውንቱን ያሰባሰበው ከየአገሩ ነው።

መካነ ሰላም ሆኖ ወደ ዓባይ የሚመለከት ሰው ማዶ የጎጃምን ደጋ ያያል። በዚያ በእነብሴ፣ በቆስጠንጢኖስ እናት ስም የተጠሩት ንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያምን አሠሩ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ከሮም የተላኩ ኢየሱሳውያን በፈረሰው ቦታ ላይ በአውሮፓ አሠራር በኖራና በጥርብ ድንጋይ ገነቡበት። በግድግዳው ላይ የተቀረጸው አበባ ዛሬም በፍርስራሹ ላይ ይታያል። ሮም በስም ብቻ ሳይሆን በእጅም ዓባይ ዳር ደርሳ ነበር።

ከሁሉ የላቀው ግን በዚሁ በቤተ አምሐራ የነበረው መካነ ሥላሴ ነው። አፄ ናዖድ ጀመሩት፤ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። ግድግዳው በወርቅ ተለብጦ ነበር። በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት እዚያ ሲደርስ የነበረውን፣ የዘመቻው ጸሐፊ አረብ ፋቂህ በመጽሐፉ ተርኮታል። ኢማሙ ገብተው ካዩ በኋላ ተደንቀው፣ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች በሩም ወይም በህንድ የዚህን መሰል ቤት ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ። ሰዎቹም በዓለም ላይ አይተን አናውቅም፤ ሰምተንም አናውቅም አሉ። ወርቁ ተላጠ። ቤቱ ተቃጠለ።

«ሩም» ዐረቦች ሮምን፣ በተለይም ቆስጠንጢንያን የሚጠሩበት ስም ነው። ነገሥታቱ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሮም ቄሣር እኩያ ነን ሲሉ ኖሩ። ይህን የመሰከረላቸው ግን ወዳጅ አይደለም፤ ቤቱን ሊያቃጥል የመጣ ባላጋራ ነው። በዚያው ቀን ማረጋገጫውን አገኙ፤ በዚያው ቀን ማስረጃውን አጡ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ወርቁ አይደለም። ወርቅ ወደ ወርቅነቱ ይመለሳል፤ ሌላ ቦታ አምባር ሆኖ ይኖራል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሲዜም የነበረው ዜማ የት ሄደ?

* * *

የዚህ መልስ በሳይንት ነው።

አፄ ልብነ ድንግል በስደት እንዳሉ በ1540 አረፉ፤ ልጃቸው ገላውዴዎስ ነገሡ። የወረሱት አገር አብያተ ክርስቲያኑ የተቃጠሉ፣ መጻሕፍቱ የነደዱ፣ ከካህናቱም ብዙዎች የሞቱበትና የተበተኑበት ነው። ዜማው ደግሞ በካህናት ልብ ውስጥ ነበር። ድጓ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ይዞ ይቀበር ነበር ማለት ነው።

ዜና መዋዕሉ እንደሚለው በገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሁለት የዜማ ሊቃውንት ተነሡ። ለድጓው ዜማ ሥርዓት አበጁለት፤ ገላውዴዎስ ላሠሩት ለተድባበ ማርያም ካህናትም አስተማሩ። ያ ሥራ ዛሬ «ምልክት» የምንለው ነው። የድጓ መጽሐፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። በሁለት መስመር መካከል እንደ ጤፍ የደቀቁ ፊደሎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱም ከአንድ ከታወቀ ዜማ ቃል ላይ ተቆርጦ የመጣ ነው። ያንን ፊደል ያየ ተማሪ ያንን ዜማ ያስታውሳል። ከእነሱ ጋር ድፋቱ፣ ይዘቱ፣ ጭረቱ፣ ሂደቱ አለ።

ጌራና ራጉኤል ምን አሉ? «ይህ የእኛ ነው» አላሉም። ዜማው በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው የማኅሌታይ ያሬድ ነው ተባለ። ያሬድም ከሰው አልተማረውም፤ ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት ወፎች አሰሙት። አንባቢ የያዛትን ርግብ አሁን ይልቀቃት፤ ከሦስቱ ወፎች ጋር ትገናኝ። ሁለት አገሮች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አደረጉ። ሁለቱም የወደቀ ታላቅነት ነበራቸው። ሁለቱም የፈራረሰውን ሊያድሱ ተነሡ። ሁለቱም በግንብ ካደሱት ይልቅ በጥቃቅን ምልክት ያደሱት ከዘመን ዘመን ተሻገረ። የገዛ ድካማቸውንም በሁለቱም አገር ወፍ ለሰጠችው ቅዱስ አስረከቡ።

ተድባበ ማርያም ራሷም እንዲሁ ናት። ዜና መዋዕሉ ገላውዴዎስ አሠሯት ይላል። የአገሩ ትውፊት ግን ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋባቸው ከነበሩት አራት ቦታዎች አንዷ ናት ይላል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱን ቃላት አጋጭቶ አንዱን ውሸት ቢል ይቀለዋል። እኔ ግን ትውፊቱ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው እላለሁ። «መቼ ተሠራች?» አይደለም፤ «ከማን ተቀበላችሁ?» ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ዓመት ነው፤ ለሁለተኛው መልሱ አደራ ነው።

* * *

እዚህ ላይ ሊቀርብብኝ የሚችል ተቃውሞ አለ። «ወርቁን ከምልክቱ ለምን ትለያለህ? ጌራና ራጉኤል ማዕርጋቸው አዛዥ ነው፤ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው። ተድባበ ማርያምም ንጉሥ ያሠራት ናት። ንጉሡ እንጀራ ባይሰጥ ድጓ ማን ይቆጥር ነበር?» የሚል። እውነት ነው። የሻርለማኝም መነኮሳት ብራና የገዙት ሻርለማኝ በሰጣቸው መሬት ነው። ሥልጣን የሌለበት ንጹሕ ጥበብ ነበረ ብዬ አልከራከርም። የምለው ይህን ነው፤ ያው ንጉሥ፣ ያው ገንዘብ፣ ያው የጥንት ስም ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንዱ አባትን ጠርቶ ራሱን ያሳያል። ሌላው አባትን ጠርቶ ልጅን ያስተምራል። የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ሥራው በሚታይበት ዕለት አይደለም፤ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት እስከምን እንደሚደርስ እኛ በገዛ አገራችን አይተናል። ሙሶሊኒ በ1936 የሮማ መንግሥት ተመልሶ መጣ ብሎ ያወጀው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በተከታዩ ዓመት ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን፣ 24 ሜትር የሚደርሰውን፣ አስጭኖ ሮም ላይ አቆመው። የጥንት ቄሣሮች ሐውልት ከግብፅ ያስጭኑ ነበርና እሱም ቄሣር መምሰሉ ነው። ከሮም ውርስ ሕጉንም ጥበቡንም ትቶ መጫንን ብቻ ወረሰ። ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል፤ ያንን ዘውድ ያስደፋው አዋጅ ግን አምስት ዓመት ነው የኖረው።

ሁለተኛ ተቃውሞም አለ፤ ይህ ከወሎ የሚመጣ ነው። አባት አባት የምንለው የትኛውን ነው? በወሎ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ቄስና ሼህ ይገኛሉ። መካነ ሥላሴን ያሠራውም፣ ያቃጠለውም በዚህ ሕዝብ ደም ውስጥ ዘር ቢኖረው አይገርምም። የቦረና ሰው የአንዱ ወራሽ ብቻ ሁን ቢባል ግማሽ ገላውን ጣል መባሉ ነው። እኔ በዚህ አልደነግጥም፤ እንዲያውም ለያዝሁት ሐሳብ ማጠንከሪያ ይመስለኛል። የወሎ ሼሆች መንዙማቸውን በአማርኛ ደርሰው በዐረብ ፊደል ጽፈው አቆይተዋል። እነሱም እንደ ጌራና ራጉኤል ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ነገር በመንገድ እንዳይጠፋ በጥቃቅን ፊደል አሠሩት፤ እነሱም ምስጋናውን ለነቢያቸውና ለሼኮቻቸው ሰጡ። በደም ከቆጠርን ወሎዬ ሲጣላ ይኖራል። ማን ምን አስረከበ ብለን ከቆጠርን ግን ሁለቱም ቤት አንድ ሙያ ይገኛል።

ስለዚህ ለጥያቄዬ የማቀርበው መልስ ይህ ነው። በአባት ስም የሚሠራ አዲስ ሥራ ውሸት የሚሆነው አዲስ በመሆኑ አይደለም። ቤተ አማኑኤል አዲስ ነበር፤ ምልክቱ አዲስ ነበር፤ መነኮሳቱ ያስፋፉት ፊደልም አዲስ ነበር። ውሸት የሚሆነው ከአባት ክብሩን ወስዶ ዕዳውን ሲተው ነው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባል የለ? ልጅነት የሚመሰከረው በዕዳው ነው። የአክሱም ልጅ ነኝ የሚል ሰው አክሱም ያላስጨረሰችውን ሥራ ልጨርስ ብሎ ከተነሣ፣ ከየትም ይወለድ፣ ልጅ ነው። ዛግዌዎች በደም ተከሰሱ፤ በመዶሻቸው ግን ልጅነታቸውን አስመሰከሩ።

* * *

ይህ ሁሉ የጥንት ጨዋታ ሆኖ ቢቀር አልጽፈውም ነበር። በአዲስ አበባ የባንኩን ደጅና የሆቴሉን ግንባር ተመልከቱ፤ የአክሱም ሐውልት መስኮት በሲሚንቶ ተለጥፎበታል። በየገጠሩ ደግሞ የሣር ክዳኑና የጭቃው ቤተ ክርስቲያን እየፈረሰ በቦታው የብሎኬትና የፌሮ ሕንፃ ይነሣል። ገንዘቡ ከየከተማውና ከባሕር ማዶ ይዋጣል፤ የአካባቢው ተወላጅ ሁሉ በአያቱ ስም ይሰጣል። እኔ በዚህ አላፌዝም። አያቱን አስቦ ኪሱን የከፈተ ሰው ክቡር ነው። ጭቃ ቤት በዝናብ እየፈረሰ «ቅርስ ነውና ተዉት» የሚል የከተማ ሰውም ፍርድ አያውቅም፤ እሱ ራሱ በጭቃ ቤት አያድርም።

ነገር ግን በዚያው በአዲሱ ሕንፃ ጥግ፣ በሣር ጎጆ ውስጥ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ድጓ የሚማር የቆሎ ተማሪ አለ። መምህሩ አርጅተዋል። ልጁ ምልክቱን በገዛ እጁ እየገለበጠ ዓመታት ይቆጥራል። ከሕንፃው መዋጮ ወደዚያ ጎጆ የሚደርሰው ስንት ነው? የመንዙማውን አሮጌ ጽሑፍ በሳጥን ይዘው የተቀመጡት ሼህስ ከእሳቸው በኋላ የሚያነብላቸው ደረሳ አላቸው?

መካነ ሥላሴ በወርቅ ሲለበጥ ከዚያ ወርቅ ጥቂቱ ለጽሕፈት ቢውል ኖሮ፣ ከእሳቱ በኋላ ጌራና ራጉኤል ከብዙ መጽሐፍ እንጂ ከጥቂት የሽማግሌ ልብ ባልጀመሩ ነበር። በአያታችን ስም አሥር ብር ባዋጣን ጊዜ፣ «ግንቡ ስንት ፎቅ ነው?» ከማለታችን በፊት «ውስጡ የሚማር ልጅ አለ ወይ? ማታስ ምን በልቶ ያድራል?» ብለን ብንጠይቅስ?